ኢማኑኤል ካንትና የፕላኔቶች አፈጣጠር

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1724 ዛሬ ካሊኒንግራድ በምትባለው የኮኒግስበርግ ከተማ ከፈረስ ዕቃ ሠሪ አባት ተወለደ። አባቱ ከሞተ በኋላ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በሰው ቤት ልጆች እያስተማረ ለዓመታት ኖረ።

በ1755 ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፀሐይና ፕላኔቶች በህዋ ከተበተነ ቁስ አካል እንደተፈጠሩ፣ ቁሱም እየዞረ እንደ ምጣድ ዝርግ ሆኖ ፕላኔቶችን እንዳስገኘ አስረዳ። ሆኖም አሳታሚው በመክሰሩ መጽሐፉ በዕዳ ተይዞ ከጥቂቶች በቀር አንባቢ አላገኘም። ካንት በ1770 ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1781 ባሳተመው የፍልስፍና ሥራው ታላቅ ዝና አትርፎ በ1804 አረፈ።

ማረጋገጫው የተገኘው ዘግይቶ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ከቦርደዴ ሰማዩ በጠራ የጥር ምሽት ያለ መሣሪያ እንደ ደብዛዛ ጭጋግ በሚታየው የኦሪዮን ደመና ውስጥ፣ ሀብል ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአዳዲስ ከዋክብት ዙሪያ ዝርግ የአቧራና የጋዝ ክቦችን አሳየ። በ2018 ደግሞ በቺሊ የሚገኝ ግዙፍ ቴሌስኮፕ የተጠቀሙ ተመራማሪዎች የኮከቡን ብርሃን ጋርደው፣ 370 የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቀው ፒዲኤስ 70 ዙሪያ ገና በማደግ ላይ ያለች ግዙፍ ፕላኔት በምስል አገኙ። የኮከቡ ዕድሜ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የፀሐይ ግን 4.6 ቢሊዮን ዓመት ነው።

በዕዳ በተያዘው መጽሐፍ የሰፈረው መሠረተ ሐሳብ ዛሬ የዚህ ፍለጋ መነሻ ሆኗል።