የባቡሩ ከበርቴና ዋንጫ ያመጣለት ጥቁር ውሻ

ደርቢ ሲባል የእግር ኳስ አፍቃሪ ጆሮው ይቆማል። ጊዮርጊስና ቡና፣ ዩናይትድና ሲቲ፣ ሚላንና ኢንተር ይታወሱታል። ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ውሾች ብቻ የሚዘጋጅ ደርቢ አለ ቢባል ግን ማን ያምናል? አለ! ዳኛ አለው፣ ፊሽካ አለው፣ ነጥብ አለው። ከደርቢው ከፍ ያለውን ዋንጫ ያነሳ ውሻ ደግሞ በዓለም በታወቀ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥቷል። የውሻው ባለቤት ከስታሊን ጋር ሲደራደር የኖረ ሰው መሆኑ ነገሩን የበለጠ ያስገርማል።

ሰውየው ዊልያም አቬሬል ሃሪማን ይባላል። ውድድሩ ደግሞ ሪትሪቨር የሚባሉ የአደን ውሾች የሚፈተኑበት ነው። የሪትሪቨር ሥራ ማሳደድ አይደለም፣ መንከስም አይደለም። አዳኙ ተኩሶ የጣለውን ዳክዬ ከውሃ ይሁን ከቁጥቋጦ ፈልጎ፣ ሥጋውን ሳይጨፈልቅ በአፉ ይዞ፣ በጌታው እጅ ማስረከብ ነው ሥራው። እኛ አገር ነገሩ ሌላ ነው። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ እንሴኖ ላይ ወርዶ ስለ ጎበዝ ውሻ የጠየቀ ሰው፣ ሌሊት ቤት ስለሚጠብቅና ጃርት ከእንሰት ጓሮ ስለሚያባርር ውሻ ነው የሚነገረው። የሞተ ዳክዬ አፉ ውስጥ ገብቶ ሳያኝከው የሚመለስ ውሻ አለ ቢባል ሳቅ ነው የሚሆነው።

ሃሪማን እ.ኤ.አ ኅዳር 15 ቀን 1891 ኒውዮርክ ውስጥ ሲወለድ ሀብት ቤቱ ድረስ መጥቶ ይጠብቀው ነበር። አባቱ ኤድዋርድ ሃሪማን ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለውን ግዙፍ የባቡር ኩባንያ የሚያዝ ሰው ነበር። አርደን የሚባለው የቤተሰቡ ርስት ተራራ፣ ሐይቅና ጫካ ያለው ነው። አባቱ በ1909 ሲሞት ልጁ ገና 17 ዓመቱ ነበር። በ1913 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። እዚያ ሳለ ከትምህርቱ ይልቅ የጀልባ ቀዘፋ ነበር ቀልቡን የወሰደው። ቀዛፊዎችን ለማሰልጠን ብሎ የእንግሊዞቹን ዘዴ ሊማር ኦክስፎርድ ድረስ ተጉዟል። እንግዲህ የሰውየው ጠባይ ከዚህ ይጀምራል። አንድ ጨዋታ ውስጥ ከገባ ለጊዜ ማሳለፊያ ብሎ አይደለም፣ ሥሩ ድረስ ቆፍሮ ነው።

ፖሎም እንደዚሁ። ፖሎ ማለት የእኛን የገና ጨዋታ ፈረስ ላይ ሆኖ እንደመጫወት ነው። ሃሪማን በዚህ ጨዋታ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፎ በ1928 አርጀንቲናን ካሸነፉት አንዱ ነበር። አርጀንቲና በፖሎ ማለት በእግር ኳስ ብራዚል እንደማለት ስለሆነ ቀላል ድል አይደለም። የእሽቅድምድም ፈረሶችም ነበሩት፤ ቻንስ ፕሌይ የተባለው ፈረሱ በ1927 የዓመቱ ምርጥ ተብሏል።

ወደ ውሾቹ እንምጣ። የሪትሪቨር ውድድር የተጀመረው እንግሊዝ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ዝርያው ራሱ አይታወቅም ነበር ማለት ይቻላል። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ በ1927 በመዝገቡ ላይ የጻፋቸው ሪትሪቨሮች ሁሉም ዓይነት ተደምረው 23 ብቻ ነበሩ። ሁለት የእግር ኳስ ቡድን ሆኖ አንድ ዳኛ የሚተርፍ ቁጥር ነው። ከዚያ የኒውዮርክና የሎንግ አይላንድ ከበርቴዎች ከስኮትላንድ ላብራዶር ውሾችን ማስመጣት ጀመሩ። ውሾቹን ብቻ አይደለም፣ የሚያሰለጥኗቸውን ስኮትላንዳውያንንም አብረው አመጡ። የላብራዶር ክለባቸውን በ1931 መሠረቱና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 21 ቀን የመጀመሪያውን ውድድር ቼስተር በተባለች የኒውዮርክ መንደር አካባቢ፣ በአንድ ከበርቴ ርስት ላይ አካሄዱ። ወቅቱ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የምትሰቃይበት፣ ሥራ አጡ ለሾርባ የሚሰለፍበት ነበር። ጨዋታው የጌቶች ጨዋታ ነበር ቢባል ስም ማጥፋት አይሆንም።

የመጀመሪያዎቹ ውድድሮች የእንግሊዝን ደንብ እንዳለ የገለበጡ ነበሩ። ተኳሾችና ውሾች በአንድ መስመር ተሰልፈው ሜዳውን እያቋረጡ ይሄዳሉ፣ ወፍ ሲነሳ ይተኮሳል፣ ዳኛው የአንዱን ውሻ ተራ ይጠራል። ችግሩ ዕድል ነው። ለአንዱ ውሻ ወፉ አፍንጫው ሥር ይወድቅለታል፣ ለሌላው እሾህ ውስጥ ይገባበታል። ለአንዱ ቡድን ባዶ ጎል፣ ለሌላው ግንብ እንደማቆም ማለት ነው። ደግሞም አሜሪካዊው አዳኝ በአብዛኛው በሜዳ ላይ የሚጓዝ አይደለም። ሐይቅ ዳር መደበቂያ ሠርቶ፣ የእንጨት ዳክዬ ውሃ ላይ አንሳፎ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ደንቡ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ወፍ ጣዮቹ ቦታ ተለይቶላቸው ቆሙ፣ ወፉ ለእያንዳንዱ ውሻ ከተመሳሳይ ቦታ እንዲወድቅ ተደረገ፣ የውሃ ፈተናውም ከባድ ሆነ። ሁሉም ውሻ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቀርብለት ጀመር።

ሌላው ለውጥ ከእረኞች የመጣ ነው። ዴቭ ኤሊዮት የተባለው ስኮትላንዳዊ አሰልጣኝ የበግ እረኞች ውሾቻቸውን በፊሽካና በእጅ ምልክት ከሩቅ እንደሚያዙ ያውቅ ስለነበር ይህንኑ ወደ አደን ውሻ አመጣው። ውሻው የወፉን አወዳደቅ ካላየ ጌታው ፊሽካ ይነፋል፣ ውሻው ዞሮ ይቀመጣል፣ እጁ ወደ ቀኝ ከተዘረጋ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከተዘረጋ ወደ ግራ ይሮጣል። ይህ ፈተና ዛሬም አለ፣ ስሙ ብላይንድ ነው። ከመስመር ዳር ሆነው እጃቸውን የሚያወናጭፉ አሰልጣኞቻችን ተጫዋቾቻቸው የዚህን ግማሽ ቢሰሟቸው ምን ያህል ደስ ባላቸው!

ሃሪማን በአርደን ርስቱ ላይ የውሾች ማራቢያ አቋቋመ። ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ ከተወለዱት መካከል ሁለቱ ታሪክ ሠሩ። ወንዱ ብላይንድ ኦፍ አርደን፣ ሴቷ ዲኮይ ኦፍ አርደን ይባላሉ። ስማቸውን ያወጣው ሰው ቀልድ ያውቃል። ብላይንድ እዚህ ላይ ዕውር ማለት ሳይሆን አዳኙ የሚሸሸግበት መደበቂያ ነው፣ ዲኮይ ደግሞ ዳክዬ ማታለያዋ የእንጨት ዳክዬ። ወንድምና እህት ሁለቱም የሜዳ ሻምፒዮን የሚለውን ማዕረግ አገኙ። ፊልድ ኤንድ ስትሪም የተባለው የአደን መጽሔት በ1935 ለዓመቱ ምርጥ ሪትሪቨር ዋንጫ ሲያዘጋጅ የመጀመሪያው ተሸላሚ ብላይንድ ሆነ። በ1938 መጨረሻ ላይ ደግሞ ላይፍ መጽሔት የዚህን ጥቁር ውሻ ፎቶ በታኅሣሥ 12 እትሙ ሽፋን ላይ አወጣው። ላይፍ በዚያን ጊዜ ሽፋኑን ለፊልም ተዋናይና ለፖለቲከኛ ነበር የሚሰጠው። አገር ሙሉ ላብራዶር የሚባል ውሻ እንዳለ ያወቀው ከዚህ ወዲህ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

በዚህ መሃል ሰውየው ባቡሩን አልረሳም። ከ1932 ጀምሮ የዩኒየን ፓሲፊክ ሊቀመንበር ነበርና የተሳፋሪ እጥረት አሳስቦታል። መፍትሔውን ከስፖርት ነው ያገኘው። በአይዳሆ በረዷማ ተራሮች ውስጥ ሰን ቫሊ የተባለ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ በ1936 አስከፈተ፤ ወደዚያ የሚሄደው በእሱ ባቡር ነዋ! ሸርታቾችን ወደ ተራራው የሚያወጣ በገመድ የተንጠለጠለ ወንበር የተሠራውም እዚያ ነው። ሐሳቡን ያመጣው የኩባንያው መሐንዲስ የሙዝ ዘለላ መርከብ ላይ የሚጭነውን ማሽን ተመልክቶ ሙዙን በሰው ተካው።

ጦርነቱ ሲመጣ የጨዋታው ዘመን አበቃ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1941 ለእንግሊዝ የሚሰጠውን የጦር መሣሪያ እርዳታ እንዲከታተል ሃሪማንን ለንደን ላከው። በ1943 በሞስኮ የአሜሪካ አምባሳደር ሆነ። ውሾቹ ግን ያለ እሱም አሸነፉ። ብሔራዊው የሪትሪቨር ሻምፒዮና በ1941 ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ ጎልደን የሚባለው ዝርያ ወሰደ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት፣ በ1942ና በ1943፣ ሻምፒዮን የሆነው ሼድ ኦፍ አርደን ነው። በ1946 እንደገና ደገመና ሀትሪኩን ሠራ። የሼድ ባለቤት ፖል ቤክዌል የተባለ የሴንት ሉዊስ ሰው ይሁን እንጂ ውሻው የተወለደው በሃሪማን ማራቢያ ነው። እናቱም ያችው ዲኮይ ናት። አንድ ክለብ በታዳጊ ቡድኑ ያፈራው ልጅ በሌላ ማሊያ ዋንጫ ሲያነሳ የሚሰማው ስሜት ምን እንደሆነ የእግር ኳስ ሰው ያውቀዋል።

ሞስኮ ውስጥም እንስሳት አልተለዩትም። ስታሊን ሃሪማን ፈረስ ወዳድ መሆኑን አውቆ ሁለት ፈረሶች ሰጥቶት ወደ አሜሪካ ተልከዋል። ሌላ ስጦታም ነበር፤ በ1945 የሶቪየት ተማሪዎች ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ ማኅተም አመጡለትና መኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ውስጡ የድምፅ መስረቂያ ተቀብሮበት ኖሯል! እስከ 1952 ድረስ ማንም አላወቀም። ዳክዬ በሽታ የሚያገኙ ውሾች ያሳደገ ሰው ቤት ውስጥ ይህ መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የንግድ ሚኒስትር ሆነ፣ ከ1955 እስከ 1958 ደግሞ የኒውዮርክ ገዢ። አንድ ዋንጫ ግን አመለጠው። በ1952ም በ1956ም የዴሞክራቲክ ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩ ለመሆን ሞክሮ በሁለቱም ጊዜ ተሸነፈ። ቢሆንም ሜዳውን አልለቀቀም። በ1963 የኑክሌር ሙከራን የሚገድበውን ስምምነት ከሶቪየቶች ጋር የጨረሰው እሱ ነው፤ በ1968 በፓሪሱ የቬትናም ድርድር የአሜሪካን ቡድን ሲመራ ዕድሜው 76 ነበር። ክሮኬት የሚባለውን ኳስ በመዶሻ የመምታት ጨዋታም ይጫወት ነበርና እዚያም የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ።

የውሾቹ ውድድር በበኩሉ ለብቻው አደገ፤ አደገና ከሰው እጅ ወጣ። የሜዳ ሻምፒዮን ለመባል 10 ነጥብ ያስፈልጋል፣ ከነዚህ ውስጥ አንድ የአንደኝነት ድል መኖር አለበት። አንደኛ የወጣ 5፣ ሁለተኛ 3፣ ሦስተኛ 1፣ አራተኛ ግማሽ ነጥብ ያገኛል። ሁሉም ውሻ ጎበዝ ሲሆን ዳኛው አንዱን ከሌላው ለመለየት ፈተናውን ማክበድ ግዴታው ሆነ። ርቀቱ ጨመረ፤ 300 ሜትር፣ ማለትም ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ጫፍ ለጫፍ የተቀጣጠለ ያህል ሆነ። እንዲህ ያለ ርቀት ላይ ዳክዬ የሚመታ አዳኝ የለም! ውሻውን ለማብቃት ደግሞ ደሞዝተኛ አሰልጣኝ፣ ሰፊ መሬትና ሰፊ ጊዜ ይጠይቃል። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚያድነው ሠራተኛ ውሻውን ይዞ ተመልካች ሆኖ ቀረ።

ቅሬታው በ1980ዎቹ ፈነዳ። በ1983 አንድ የአዳኞች ማኅበር፣ በ1984 ሌላ፣ በ1985 ደግሞ ራሱ የአሜሪካ ኬኔል ክለብ የአደን ፈተና የሚባለውን ጀመሩ። ፈተና ነው፣ ውድድር አይደለም፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። እዚህ አንደኛና ሁለተኛ የለም። እንደ ማትሪክ ነው፣ ነጥቡን ያመጣ ሁሉ ያልፋል፣ ከጎኑ ያለው ማለፍ ማንንም አይጥልም። በኬኔል ክለቡ ደንብ ሁለት ዳኞች የውሻውን ወፉ የወደቀበትን የመያዝ ችሎታ፣ ወኔ፣ ጽናትና ታዛዥነት ከ10 ያርማሉ። አማካዩ ከ7 ካነሰ ወድቋል፣ በአንዱም ችሎታ ከ5 ያነሰ ካገኘ ወድቋል። ወፉን የጨፈለቀ ውሻ ከሜዳ ይወጣል፣ ቀጥታ ቀይ ካርድ ማለት ነው።

ደረጃው ሦስት ነው። ጁኒየሩ አንድ በአንድ የሚወድቁ ወፎችን ሁለት ከየብስ፣ ሁለት ከውሃ ያመጣል፤ ርቀቱ ከ100 ያርድ አይበልጥም፣ ይህም ከጎል እስከ ጎል የማይሞላ ነው። አራት ጊዜ ካለፈ ጁኒየር ሀንተር የሚለው ማዕረግ ዕድሜ ልኩን ከስሙ ጋር ይጻፋል። ሲኒየሩ ሁለት ወፍ ተከታትሎ ሲወድቅ ሁለቱንም ማስታወስ አለበት። ማስተሩን ሦስት ወፍ ይጠብቀዋል፤ ብላይንድና ማደናገሪያ ግን በሁለቱም ደረጃዎች አሉ። በላይኞቹ ሁለት ደረጃዎች ሌላው ውሻ ሲሮጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ማየትም ይፈተናል። ይህኛው ለውሻ ከሁሉም የከበደው ሳይሆን አይቀርም፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንደመቀመጥ ነው።

ይህ ሲሆን ሃሪማን የ93 ዓመት አዛውንት ነበር። በጌቶች ርስት ላይ በጥቂት ውሾች የተጀመረው ጨዋታ በተራ ሠራተኛ እጅ ሲገባ በሕይወት ነበረ። በቀጣዩ ዓመት፣ ሐምሌ 26 ቀን 1986፣ በኒውዮርኳ ዮርክታውን ሃይትስ ከተማ አረፈ። ከሞተ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ ላብራዶር በአሜሪካ ኬኔል ክለብ መዝገብ አንደኛ ወጣ። መሪነቱን ለ31 ዓመት ይዞ ቆይቶ በ2022 በፈረንሳዩ ቡልዶግ ተነጠቀ።