ፓትሪክ ማንሰን

ሰር ፓትሪክ ማንሰን (ኦክቶበር 3 ቀን 1844 – ኤፕሪል 9 ቀን 1922 እ.ኤ.አ.) የስኮትላንድ ተወላጅ ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። የሰው ጥገኛ ትል በደም መጣጭ ነፍሳት አካል ውስጥ እንደሚያድግ በመጀመሪያ ያሳየው እርሱ ነው። የሐሩር ክልል ሕክምና አባት እየተባለም ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሕይወቱ

በአበርዲንሻየር በምትገኘው ኦልድሜልድረም ተወልዶ በ1865 ከአበርዲን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። በ1866 የቻይና ጉምሩክ ሐኪም ሆኖ ወደ ፎርሞሳ (የዛሬዋ ታይዋን) ሄደ፤ በ1871 ደግሞ ወደ አሞይ ወደብ ተዛወረ። በአሞይ ዝሆኔ የያዛቸው ሕመምተኞች ብዙ ነበሩ። ማንሰን ያበጠውን አካል በቀዶ ሕክምና ያስወግድ ነበር እንጂ የበሽታውን መነሻ አያውቅም ነበር። ለዕረፍት ለንደን በቆየበት ጊዜ ግን ጢሞቲ ሉዊስ የተባለ ሐኪም ሕንድ ውስጥ በሰው ደም ለጋ ትሎች ማግኘቱን አነበበ።

የትንኝ ምርምር

ለጋዎቹ ትሎች እዚያው ሰው ደም ውስጥ ሆነው አያድጉም። እንግዲያው ከደም የሚያወጣቸው አንድ ነገር መኖር አለበት። ማንሰን ይህ ነገር ትንኝ ነው ብሎ ገመተ። በ1877 ደሙ ውስጥ ትል ያለበትን አትክልተኛውን ትንኝ በሞላበት ክፍል አስተኛው፤ በማግሥቱ ደም ጠግበው ያረፉትን ትንኞች ሰብስቦ በማይክሮስኮፕ መረመራቸው። (ዛሬ ቢሆን ይህን ሙከራ የሚያጸድቅ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይገኝም።)

ያየው የሚከተለውን ነው። ትሉ ትንኟ ሆድ ውስጥ እንደገባ የለበሰውን ስስ ሽፋን ይጥላል፤ የሆዷን ግድግዳ በስቶ ይወጣና ወደ ደረቷ ጡንቻ ይገባል፤ በዚያም ያድጋል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ትሉ ሁለት ጊዜ ቆዳውን ቀይሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ ሲሞላው ወደ ትንኟ መምጠጫ ይሄዳል። እንደ ወባ ጥገኛ ተህዋስ ግን ትንኟ ውስጥ አይባዛም፤ አንድ ሆኖ የገባ ትል ቢበዛ አንድ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ትል በአንድ ጊዜ የዋጠች ትንኝ ደግሞ ራሷ ትሞታለች።

ማንሰን ቀጥሎ ቀንና ሌሊት ደም እያስመረመረ ለጋዎቹ ትሎች በሌሊት ወደ ቆዳ አቅራቢያ ደም ሥሮች እንደሚወጡ አሳየ። ሰዓቱ ትንኟ ከምትነድፍበት ሰዓት ጋር የተገጣጠመ ነው። ለዚህ ምርመራ እስከ ዛሬ ደም በሌሊት የሚወሰደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስሕተቱ

ማንሰን ትንኝ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ደም መጥጣ፣ እንቁላሏን ውኃ ላይ ጥላ የምትሞት ይመስለው ነበር። ስለዚህ ሰው ትሉን የሚያገኘው ትንኝ የሞተችበትን ውኃ ሲጠጣ ነው አለ። ይህ ሐሳብ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። በ1900 ጆርጅ ካርማይክል ሎው ከአውስትራሊያ የተላኩለትን ትንኞች ሲመረምር ትሉን መምጠጫው ውስጥ አገኘው፤ መንገዱ ንድፊያው እንደሆነም ታወቀ። ትንኟን ምግብ ሰጥቶ ጥቂት ቀን ማቆየት ብቻ በቂ ነበር፤ ማንሰን ግን ያን አላደረገም።

ሮናልድ ሮስ በ1897 የወባን ተህዋስ በትንኝ ውስጥ ያገኘው በማንሰን ምክር ነው። ማንሰን በ1899 የለንደንን የሐሩር ክልል ሕክምና ትምህርት ቤት አቋቋመ።

በኢትዮጵያ

በትንኝ የሚተላለፈው ዝሆኔ በጋምቤላ ቆላ ይገኛል። በደቡብ ምዕራብና በመተማ አካባቢ ያለው ኦንኮሰርኪያሲስ ደግሞ በፈጣን ወንዞች ዳር በምትራባ ጥቁር ዝንብ ይተላለፋል። የእርሱ ለጋ ትሎች የሚኖሩት ደም ውስጥ ሳይሆን ቆዳ ውስጥ ነው፤ ዝንቧ ቆዳውን ቀዳ ደሙን ስትልስ አብራ ትወስዳቸዋለች። ይህን በ1926 ሴራሊዮን ውስጥ ያሳየው ብላክሎክ ነው።

ከጉና ተራራ በምሥራቅና በደቡብ ባሉት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋዎች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብርዱ ትሉ በትንኝ አካል ውስጥ እንዲያድግ አይፈቅድም። በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት በአብዛኛው ፖዶኮኒዮሲስ ነው። መነሻውም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ነው፤ ይህን ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ጥናት አስረድቷል። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ስም ስለሚጠሩ በቀላሉ ይምታታሉ። የደጋውን ሕመምተኛ የትል መድኃኒት አይረዳውም፤ የሚረዳው እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ያበጠውን በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ ነው።