ጆኒ ዩኒታስ ከ10 ስንት ይሰጠው? ከግንባታ ሥራ ተነስቶ ታሪክ የሠራው ኳርተርባክ

ቤተሰብ፣ ዛሬ ከለመድነው እግር ኳስ ወጣ ብለን ወደ አሜሪካኖቹ ፉትቦል እንሂድ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቀው በአጭሩ፦ ኳርተርባክ ማለት በየሙከራው መጀመሪያ ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደሚሰጣት በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ የሚወስነው ተጫዋች ነው። እሱ ሲያስብ ግዙፍ ተከላካዮች ሊጥሉት እየሮጡበት ነው።

ጆኒ ዩኒታስ በ1933 ፒትስበርግ ተወለደ። ዘሩ ከሊትዌኒያ ነው። አባቱ የድንጋይ ከሰል እያደረሰ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር፤ ጆኒ ገና 5 ዓመቱ እያለ ሞተ። እናቱ ሥራውን ተረክባ፣ ሌላም ደርባ ልጆቿን አሳደገች።

በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ከተጫወተ በኋላ፣ በ1955 የትውልድ ከተማው ክለብ ፒትስበርግ ስቲለርስ መረጠው። ደስታው ግን አልቆየም። የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር አሰናበቱት፤ አንድም የሊግ ጨዋታ አላሰለፉትም። ትዳር ይዟልና እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልቻለም። ግንባታ ላይ እየሠራ፣ ብሉምፊልድ ራምስ ለሚባል የሰፈር ቡድን በጨዋታ 6 ዶላር እየተከፈለው ተጫወተ።

በ1956 ባልቲሞር ኮልትስ ወሰደው። ዋናው ኳርተርባክ ሲጎዳ እሱ ገባ። መጀመሪያ የወረወራትን ኳስ የቺካጎ ቤርስ ተጫዋች ጠልፎ ሮጠና አስቆጠረባቸው። ቀጥሎ ደግሞ ኳሷን ለጓደኛው ሲያቀብል ወደቀች፣ ቤርሶች ወሰዷት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋር ያልቅለት ነበር። እሱ ግን ብዙም ሳይቆይ ግሪን ቤይ ፓከርስን ማሸነፍ ቻለ፤ ከዚያ ለዓመታት ቦታውን የነጠቀው የለም።

1958 መጣ። በኅዳር ሦስት የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ሳንባው ተቀደደ። ከሁለት ጨዋታ በኋላ ተመለሰ፣ ቡድኑንም ለፍጻሜ አደረሰ። ዲሴምበር 28፣ ያንኪ ስታዲየም። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ኒውዮርክ ጃይንትስ 17 ለ 14 እየመራ ነው፤ ኮልትሶች ደግሞ ራሳቸው በር አካባቢ ተይዘዋል። ዩኒታስ ለሬይመንድ ቤሪ በተከታታይ ሦስት ኳስ ወረወረ፣ ቡድኑን 62 ያርድ ወደፊት አስጠጋ። 7 ሰከንድ ሲቀር በእግር በተመታች ኳስ 17 እኩል! በተጨማሪ ሰዓት 80 ያርድ መርቷቸው ሄደ፣ አላን አሚቺ ይዟት ገባ፣ 23 ለ 17። በተጨማሪ ሰዓት የተወሰነ የመጀመሪያው የሊጉ ፍጻሜ ነው። 45 ሚሊዮን ያህል ሰው በቴሌቪዥን እንዳየው ይገመታል፤ ፉትቦል የአሜሪካ የቴሌቪዥን ንጉሥ የሆነው ከዚህ ቀን በኋላ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው።

በ1959 ዋንጫውን ደገሙት። በሦስት የተለያዩ ዓመታት (1959፣ 1964 እና 1967) የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

አሁን ነጥብ እንስጥ፦

ውርወራ፦ 8.5። በ47 ተከታታይ ጨዋታዎች ቢያንስ አንድ የተችዳውን ኳስ ወርውሯል። ይህን ሪከርድ የሰበረው ድሩ ብሪስ ነው፣ ያውም ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2012። በአጠቃላይ 40,239 ያርድ ወርውሯል፤ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ ዱከም እንደማለት። 290 ተችዳውን አለው። ነገር ግን 253 ኳስ ተጠልፎበታል፣ ይሄ ብዙ ነው። ፍትሃዊ ለመሆን፣ ያኔ ተከላካዮች ኳስ ተቀባዩን እንደፈለጉ ይገፉት ነበር፤ ለወርዋሪዎች የሚያመቸው ሕግ የመጣው እሱ ከተሰናበተ በኋላ በ1978 ነው።

ጨዋታ ማንበብ፦ 10። ዛሬ አሰልጣኙ በሄልሜት ውስጥ ባለ ሬዲዮ ቀጣዩን ጨዋታ ይነግረዋል። ዩኒታስ ራሱ ነበር የሚመርጠው፣ ሰዓት እየገፋ፣ ስታዲየም እየጮኸበት።

ልብ፦ 10። ከላይ ያነበባችሁት ይበቃል።

ሰውነት፦ 6። በ1968 ክንዱ ተጎዳ፣ ወቅቱን በአብዛኛው ተቀምጦ አሳለፈ። ጃንዋሪ 1971 ላይ ሱፐር ቦውል ሲያሸንፉ እንኳን እሱ ተጎድቶ ወጥቶ ጨዋታውን የጨረሰው ሌላ ሰው ነው። በ1973 ሳንዲያጎ ሄዶ ተጫወተ፣ ያ የድሮው ጆኒ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚያሳዝነው። በስተርጅና ያ ሁሉን የሠራው ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ጎልፍ ሲጫወት ጣቶቹን በግራ እጁ እያጠፈ ከዱላው ጋር በቬልክሮ ያስራቸው ነበር። የጉዳት ካሳ ጠየቀ፣ የሊጉ የጡረታ ፈንድ ግን አልፈቀደለትም። በ1984 ደግሞ ኮልትስ በአንድ ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ባልቲሞርን ጥሎ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄደ። ዩኒታስ ክለቡን ተከትሎ አልሄደም። ከከተማው ጋር ቀረ፣ ከአዲሱ ኮልትስም ጋር ግንኙነቱን ቆረጠ።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2002 በ69 ዓመቱ ስፖርት እየሠራ ሳለ በልብ ድካም አረፈ። ዛሬ ባልቲሞር በሚገኘው የሬቨንስ ስታዲየም ፊት ለፊት ሐውልቱ ቆሟል። ሜሪላንድና ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ልጆች፣ በዚያ ስታልፉ 19 ቁጥሩን ቆም ብላችሁ እዩት።

ውርስ፦ 10። በቁጥር ከበለጡት ብዙ ናቸው፣ ወደፊትም ይበዛሉ። እነሱ የሚጫወቱበትን መንገድ የጠረገው ግን እሱ ነው፣ ዋጋውንም በገዛ እጁ ከፍሏል።

የእኛ ድምር ከ10 ወደ 9 ይጠጋል። እናንተስ ስንት ትሰጡታላችሁ?