ኮሌጅ ያልገባው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ

ትምህርቴን ልቀጥል ወይስ ሥራ ልያዝ የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ የወጣቶችን እንቅልፍ ሲነሣ የኖረ ጥያቄ ነው። አንዱ ቤተሰቡን ለመርዳት ሲል ከኮሌጅ በር ይመለሳል፤ ሁለተኛው ፈተናው አልሆን ብሎት ሌላ ሙያ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ያለ ዲፕሎማ ዝናን ያተረፉ ሰዎችን ስም እየጠራ፣ ኮሌጅ ምን ያደርግልኛል ይላል። እንደዚህ ስማቸው ከሚጠራው ሰዎች መካከል እንግሊዛዊውን ማይክል ፋራዴይን የሚያህል በብዛት አይገኝም። እኛም ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት የምናቀርበው ኮሌጅን ለማጥላላት ወይም ለማወደስ ብለን አይደለም፤ ስሙን የሚጠሩ ሁሉ የሄደበትንም መንገድ አብረው እንዲያውቁት ብለን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፋራዴይ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ዓ.ም. ዛሬ በሎንዶን ከተማ ውስጥ በሚገኘው በኒውንግተን በትስ ሰፈር ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ነገር ግን ጤና ስለ ጎደለው እንደ ልቡ ሠርቶ ቤተሰቡን ለማጥገብ አልቻለም። በ1801 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በናረ ጊዜ ለልጁ የሚደርሰው ለሳምንቱ በሙሉ አንድ ዳቦ ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት ያገኘውም ዕውቀት ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ነው። እንግዲህ ፋራዴይ ኮሌጅን ንቆ የተወ ሰው አልነበረም፤ ለእርሱ የኮሌጅ በር ከመጀመሪያውም የተከፈተ አልነበረም።

በ1804 ዓ.ም. ጆርጅ ሪቦ በሚባል መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ቤት ተላላኪ ሆኖ ገባ። ያን ጊዜ ጋዜጣ ውድ ስለ ነበረ ብዙ ሰዎች በኪራይ ያነቡ ነበር፤ የልጁም ሥራ ጋዜጣውን በየቤቱ ማድረስና ከተነበበ በኋላ መልሶ መሰብሰብ ነበር። በሚከተለው ዓመት ጌታው የልጁን ታማኝነት ተመልክቶ ያለ ምንም ክፍያ የጥራዝን ሙያ በሰባት ዓመት ሊያስተምረው ተዋዋለ።

ጠራዥ ዘወትር የሚያየው የመጽሐፉን ቆዳና ክር ነው። ፋራዴይ ግን ቀን የጠረዘውን መጽሐፍ ማታ ያነበው ነበር። ከነዚህም አንዱ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈ ክፍል የሚገኝበት የብሪታኒካ ኢንሳይክሎፔዲያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ወይዘሮ ጄን ማርሴት ለጀማሪዎች የጻፈችው የኬሚስትሪ መጽሐፍ ነበር። ያነበበውንም እንዲሁ አምኖ አልተቀበለም፤ በየሳምንቱ ጥቂት ፔኒ እየቆጠበ ዕቃ በመግዛት፣ መጽሐፉ እውነት መናገሩን በገዛ እጁ ይፈትን ነበር።

ከ1810 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጆን ቴተም የሚባል ሰው ማታ ማታ ስለ ሳይንስ የሚሰጠውን ትምህርት ይከታተል ጀመር። የመግቢያው ዋጋ አንድ ሽልንግ ነበር፤ ይህንንም ይከፍልለት የነበረው እንደ አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነው። በዚያም እንደ እርሱ በቀን ሥራ እየዋሉ በማታ ዕውቀት የሚፈልጉ ወጣቶችን አገኘ። እርስ በርስ ይከራከራሉ፤ አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርማል። ፋራዴይ የሰዋስው ጉድለት እንዳለበት ስላወቀ አጻጻፉን ለማሻሻል ሲል ለጓደኛው ለቤንጃሚን አቦት ረጃጅም ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

በ1812 ዓ.ም. ከሪቦ ደንበኞች አንዱ፣ በዚያ ዘመን ስመ ጥር የነበረው የኬሚስትሪ ሊቅ ሰር ሀምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጠውን ንግግር የሚሰማበት የመግቢያ ወረቀት ሰጠው። ፋራዴይ አራቱን ንግግሮች ሰምቶ የያዘውን ማስታወሻ በጥሩ ጽሕፈት ገልብጦ፣ ሥዕሉንም ጨምሮ፣ በተማረው ሙያ አሳምሮ ጠረዘው። በዚያው ዓመት የሙያ ውሉ ሲያልቅ በሌላ ጠራዥ ቤት ተቀጠረ፤ ልቡ ግን ከሥራው ሸሽቶ ነበር። በሳይንስ ቤት ማንኛውንም ዝቅተኛ ሥራ እንዲሰጡት ለሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚደንት ለሰር ጆሴፍ ባንክስ ቢጽፍ መልስ አላገኘም። ቀጥሎም የጠረዘውን ማስታወሻ ከደብዳቤ ጋር ለዴቪ ላከለት።

ዴቪ አስጠርቶ አነጋገረው፤ የሰጠውም ምክር ጥራዙን እንዳይለቅ የሚል ነበር። የሳይንስ ሥራ ደመወዙ ጥቂት፣ ድካሙ ብዙ መሆኑን ነገረው። ይህ ምክር ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን ለአንድ ወጣት የሚያስብ ሽማግሌ ሁሉ የሚሰጠው ምክር ነው። በፌብሩዋሪ 1813 ዓ.ም. ግን የላቦራቶሪው ረዳት በጠብ ምክንያት ከሥራ ተባረረ። ዴቪም ያን ትጉህ ጠራዥ አስታውሶ አስጠራው። ማርች 1 ቀን የሃያ አንድ ዓመቱ ፋራዴይ በሳምንት ሃያ አምስት ሽልንግ፣ ከጣሪያው ሥር ሁለት ክፍል፣ ማገዶና ሻማ ተሰጥቶት ተቀጠረ። ሥራውም ጠርሙስ ማጠብና ለአስተማሪዎቹ ዕቃ ማዘጋጀት ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ዴቪ ወደ ፈረንሳይና ወደ ኢጣልያ ሲጓዝ ፋራዴይን ይዞት ሄደ። የዴቪ የግል አሽከር ለመሄድ እምቢ ስላለ የአሽከሩም ሥራ በፋራዴይ ላይ ወደቀ። የዴቪ ባለቤት እንደ አገልጋይ እያየች ታዋርደው ስለ ነበረ ሁሉን ትቶ ወደ ጥራዙ ለመመለስ ያሰበበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን በዚሁ ጉዞ እነ አምፔርንና ቮልታን የመሳሰሉ ሊቃውንት ያያቸው፣ ምርምር ሲደረግም ከዴቪ ጎን የቆመ እርሱ ነበር። ውርደቱን ታግሦ ትምህርቱን ወሰደ። ለእርሱ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይህ ከ1813 እስከ 1815 ዓ.ም. የቆየው ጉዞ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንናገራለን። በ1821 ዓ.ም. በኤሌክትሪክና በማግኔት ኃይል ሽቦ እንዲሽከረከር አደረገ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር መነሻው ይህ ነው። በ1824 ዓ.ም. የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ሲመረጥ የተቃወመው የገዛ ጌታው ዴቪ ነበር። ኦገስት 29 ቀን 1831 ዓ.ም. በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦ ለየብቻ ጠምጥሞ፣ በአንዱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲገባና ሲቋረጥ በሁለተኛው ውስጥም ኃይል እንደሚነሣ ተመለከተ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶም ማግኔትን በተጠመጠመ ሽቦ ውስጥ በማስገባትና በማውጣት ብቻ ኤሌክትሪክ አስገኘ። በቆቃም ሆነ በዐባይ ግድብ ውሃ የሚያሽከረክረው ማመንጫ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት አለመግባቱ ምንም አላጎደለበትም የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። ፋራዴይ ከፍተኛ ሒሳብ አያውቅም ነበር። በማግኔት ዙሪያ የኃይል መስመሮች መኖራቸውን በዓይነ ኅሊናው አይቶ ሲያስረዳ፣ በሒሳብ ቋንቋ ሊገልጸው ስላልቻለ ብዙ ሊቃውንት ሐሳቡን በጥርጣሬ ተመለከቱት። ይህን ያቃናለት በኤዲንብራና በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች የተማረው ወጣቱ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው፤ ከ1855 ዓ.ም. ጀምሮ የፋራዴይን መስመሮች በሒሳብ እየገለጸ ዛሬ የምናውቀውን ሥርዓት ሰጣቸው። ጠራዡ ያየውን ተማሪው አጸናው፤ ሁለቱም አንዱ ካለ ሌላው ሥራው ጎዶሎ ይሆን ነበር።

ሽልማትና ክብር ብዙ መጣለት። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1832 ዓ.ም. የክብር ዶክተርነት ሰጠው፤ የሰርነትን ማዕርግና የሮያል ሶሳይቲን ፕሬዚደንትነት ግን አልቀበልም አለ። እርሱ በልጅነቱ ለመስማት የጓጓለትን ዓይነት ትምህርት ለወጣቶች ለመስጠት ሲል ከ1827 እስከ 1860 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ የገናን ተከታታይ ንግግር አደረገ። ኦገስት 25 ቀን 1867 ዓ.ም. አርፎ በሎንዶን በሃይጌት መቃብር ተቀበረ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቻችን ከዚህ ታሪክ ምን ይወስዳሉ? ኮሌጅ ለተማሪው የሚሰጠው መጽሐፍ፣ መምህር፣ የሥራ መሣሪያ፣ የሚተራረሙ ጓደኞችና ማስተማመኛ ነው። ፋራዴይ እነዚህን አንዱንም አልናቀም፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ከኮሌጅ ውጭ ፈልጎ አገኘ። መጽሐፉን ከሪቦ፣ መምህሩን ከቴተምና ከዴቪ፣ ጓደኞቹን ከማታው ስብሰባ አገኘ፤ ማስተማመኛው ደግሞ በእጁ የጠረዘው ማስታወሻ ነበር። የወንድሙ ሽልንግና የደንበኛው ስጦታ ባይኖሩ ምን ይሆን እንደ ነበረ ማን ያውቃል? ዕድል ስትመጣ ግን ተዘጋጅቶ ቆየ።

ስለዚህ በሌላ መንገድ ለመሄድ ያሰበ ወጣት በመጀመሪያ ራሱን ይጠይቅ። ትምህርት ቤቱን ስተው በዚያ የማገኘውን ከየት አገኘዋለሁ ብሎ ይቁጠር። መልሱን አንድ በአንድ መቁጠር ከቻለ መንገዱን ይጀምር፤ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም። መቁጠር ካልቻለ ግን የሸሸው ከኮሌጅ ሳይሆን ከትምህርት ነውና፣ የፋራዴይን ስም ምስክር አድርጎ አይጥራ።