መምህርቷ ግሬስ ሆፐርና የኮምፒዩተሩ አስተርጓሚ

በዛሬው ዓምዳችን የአንዲት መምህርት የሕይወት ታሪክ ባጭሩ እናቀርብላችኋለን። እኚህ ሴት የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ኋላም የባሕር ኃይል መኮንን ሆኑ፤ ስማቸው በዓለም የተሰማው ግን ለኮምፒዩተር አስተርጓሚ በማበጀታቸው ነው። ታዲያ ይህ ከኛ ከዕጩ መምህራን ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ ሩቅ አይደለም። ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ መስኮቱ በስህተት መልእክት ሲሞላበት፣ ይሄ ትምህርት ለኔ አልተፈጠረም ብሎ ይተወዋል። ልጁ ግን የጎደለው ጭንቅላት አይደለም፤ መልእክቱን እንዴት እንደሚያነብ ያሳየው ሰው ነው።

ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ብለው በቤት የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች አንድ ባንድ ፈታተዋቸው ነበር። እናታቸውም ከዚያ ወዲያ የፈቀዱላቸው አንዱን ብቻ ነው። በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ፤ በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ። ከ1931 ጀምሮም በዚያው በተማሩበት በቫሳር ያስተምሩ ነበር።

የማስተማር ዘዴያቸው ለየት ያለ ነበር። የሒሳብ ተማሪዎቻቸውን ድርሰት ያስጽፉና ጽሑፉን በቀይ እርሳስ ያርሙ ነበር። ተማሪዎቹ እኛ የመጣነው ሒሳብ ልንማር ነው እንጂ ቋንቋ ልንማር ነው እንዴ እያሉ ቢያጉረመርሙም፣ መምህርቷ ያወቁትን ለሌላ ማስረዳት ካልቻሉ ሒሳብ ማወቁ ምን ይጠቅማል ባይ ነበሩ። ይህ እምነት ነው ዕድሜ ልካቸውን የመራቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም በ1943 መጨረሻ የባሕር ኃይል ተጠባባቂ ጦርን ተቀላቀሉ። በ1944 ሐምሌ ላይ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 1 ከተባለው የሒሳብ መሣሪያ ዘንድ ተመደቡ። መሣሪያው ርዝመቱ 15 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም 5 ቶን ገደማ ነበር። ለማስታወስ ያህል፣ በአገራችን መደበኛ የመምህራን ማሠልጠኛ የተጀመረው በዚሁ በ1944 እዚሁ አራዳ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ነው።

በዚያን ጊዜ ለመሣሪያው የሚሰጠው ትእዛዝ በቁጥር ብቻ ነበር። ግሬስና ጓደኞቻቸው የተሞከሩ ትእዛዞችን በደብተር ይዘው፣ አንዱ ካንዱ እየገለበጠ ይጠቀም ነበር። ሰው ሲገለብጥ ደግሞ ይሳሳታል፤ የክፍት ቦታን ምልክት 4 ቁጥር አድርጎ ያነበዋል፣ የእንግሊዝኛውን ቢ ፊደል 13 ብሎ ይጽፈዋል። እንዲህ ያለው ጥቃቅን ስህተት የቀናት ሥራ ያበላሽ ነበር። በ1947 ሴፕቴምበር 9 ቀን ደግሞ ማርክ 2 ከተባለው መሣሪያ ውስጥ የሞተች የእሳት እራት ተገኝታ በሥራ መዝገቡ ላይ ተለጠፈች። ያገኟት ግሬስ ናቸው እየተባለ ቢወራም ታሪኩን አዘውትረው ያወሩት እንጂ ያገኟት እሳቸው አይደሉም፤ ብልሽትን በነፍሳት ስም ባግ ብሎ መጥራትም ከዚያ በፊት የነበረ የመሐንዲሶች አነጋገር ነው።

በ1949 ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር ወደሚሠራ የፊላደልፊያ ድርጅት ገቡ። ሰው ሲገለብጥ የሚሳሳት ከሆነ መሣሪያው ራሱ ይገልብጥ ብለው አሰቡና፣ በ1952 ኤ-0 የተባለውን ፕሮግራም አቀረቡ። ይህ ፕሮግራም በአጭር ምልክት የተጠሩትን ትእዛዞች ከተከማቹበት እየፈለገ ባንድነት ያቀናብር ነበር። ኮምፓይለር የሚለውን ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። እርግጥ ዛሬ ኮምፓይለር የምንለው፣ ሰው የጻፈውን ወደ መሣሪያው ቋንቋ የሚመልሰው አስተርጓሚ፣ ከዚያ ይበልጥ የተሟላ ነው። ሆኖም በሩ በዚያን ጊዜ ተከፈተ። ብዙዎች ኮምፒዩተር መደመርና መቀነስ እንጂ ፕሮግራም መጻፍ አይችልም እያሉ ለረዥም ጊዜ አላመኗቸውም።

ከዚህ ቀጥሎ የሠሩት ነገር በተለይ እኛን ይመለከታል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ትእዛዝ በተራ የእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፍበትን ዘዴ ለአለቆቻቸው ሲያሳዩ፣ ያንኑ ትእዛዝ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛም አቀረቡላቸው። ለመሣሪያው ፊደሉ ሁሉ ምልክት ነውና ለሱ ልዩነት የለውም። አለቆቹ ግን አሜሪካ የተሠራ መሣሪያ እንዴት ፈረንሳይኛ ያውቃል ብለው ደነገጡ፤ እሳቸውም በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሠሩ ቃል ገብተው ነገሩን አበረዱት። ከዚያ ፍሎ-ማቲክ የተባለው ቋንቋ ወጣ። እሱን ዋና መሠረት በማድረግ በ1959 የተሰየመ ኮሚቴ ኮቦልን አዘጋጀ፤ ግሬስም በአማካሪነት ተሳተፉ። በ1960 ዲሴምበር ላይ አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት ልዩ ልዩ ድርጅቶች ኮምፒዩተሮች ላይ ሠርቶ ታየ።

ይሁን እንጂ ቋንቋ ሕይወት አለውና ባለበት አይቆምም። እያንዳንዱ ፋብሪካ ኮቦልን በየራሱ አነጋገር ያስኬደው ጀመር። በዚህም ምክንያት በ1966 ጡረታ የወጡት ግሬስ በ1967 ለስድስት ወር ተብለው ተጠሩና ለዓመታት ቆዩ። ሥራቸው ኮምፓይለሮችን መፈተን ነበር፤ መምህር ተማሪን እንደሚፈትን ማለት ነው። ኮቦል በ1968፣ በ1974 እና በ1985 እየተሻሻለ ደንቡ ታወጀ።

ግራ የሚያጋባው የስህተት መልእክት የሚመጣው እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ አንድ መምህር የተማሪዎቹን የፈተና ውጤት ቴስት በሚል ስም አስቀምጦ በ1974ቱ ኮቦል ይሠራ ነበር እንበል። በ1985ቱ ደንብ ቴስት የሚለው ቃል የቋንቋው የራሱ ሆነ። መምህሩ አንድ ፊደል ሳይነካ ትናንት ይሠራ የነበረው ፕሮግራም ዛሬ ስህተት ይባላል፤ መልእክቱም ይህ ቃል ያለቦታው ገባ ዓይነት ይሆናል እንጂ ደንቡ ተለወጠ አይለውም። እንደዚሁም ነጥብ ከረሳ ኮምፓይለሩ ስህተት ነው የሚለው ነጥቡ የጎደለበትን ሳይሆን ቀጥሎ ያለውን መሥመር ሊሆን ይችላል።

ነገሩን ሁላችንም በምናውቀው በፒያሳ እንመስለው። አንድ እንግዳ የቆየ ማመልከቻ ይዞ ከአራት ኪሎ ይነሳል። ወረቀቱ ዶሮ ማነቂያ ስትደርስ ታጠፍ ይላል። ሰፈሩ ግን በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። እንግዳው ሳያውቅ አልፎ ከጊዮርጊስ፣ ምኒልክ ሐውልት ድረስ ይወጣና ቤቱን ይጠይቃል። የተጠየቀውም ሰው እዚህ እንዲህ ያለ ቤት የለም ይለዋል። ሰውዬው አልዋሸም፤ ያላወቀው እንግዳው የት ላይ እንደተሳሳተ ነው። ኮምፓይለርም እንደዚሁ ነው፤ የሚነግረን ነገሩ ያልገባው የት ላይ እንደሆነ እንጂ እኛ የተሳሳትነው የት ላይ እንደሆነ አይደለም።

ስለዚህ ተማሪዎቻችንን ሦስት ነገር ብናስለምድ መልካም ነው። አንደኛ፣ መልእክቱ ሃምሳ ቢሆን ከመጀመሪያው ይጀምሩ፤ የቀረው ብዙውን ጊዜ የሱ ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ሁለተኛ፣ ከተጠቆመው መሥመር ወደ ኋላ እየተመለሱ ይፈልጉ። ሦስተኛ፣ መጽሐፉ የተጻፈበት የቋንቋ ዕትምና ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ዕትም አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። በዚህ ላይ የኛ ተማሪ ድርብ ሸክም አለበት፤ ስህተቱንም፣ ስህተቱ የተነገረበትን እንግሊዝኛም መረዳት ይኖርበታል። መልእክቱን በአማርኛ አፍታቶ ማስረዳት እንግዲህ የመምህሩ ፋንታ ነው። የግሬስ ሆፐር የፈረንሳይኛና የጀርመንኛ ሙከራ ያስተማረን መሣሪያው ለማንም ቋንቋ እንደማያዳላ ነው።

ግሬስ ሆፐር እስከ መጨረሻው መምህር ነበሩ። በየንግግራቸው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የሽቦ ቁራጭ ለአድማጭ ያድሉ ነበር፤ ብርሃን በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ የሚጓዘው ይህን ያህል ነው ለማለት። ከዚህ የረከሰና የጠራ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ከየት ይገኛል! በ1986 በ79 ዓመታቸው በሪር አድሚራልነት ማዕረግ ጡረታ ወጡ፤ በ1992 ጃንዋሪ 1 ቀን በ85 ዓመታቸው አረፉ።

እኛም ነገ ክፍል ስንገባ የተማሪውን ደብተር በቀይ እናርማለን። ኤክስ ብቻ አድርገን የምናልፍ ከሆነ ከግራ አጋቢው ኮምፓይለር በምን እንሻላለን? ልጁ የት ላይ እንደሳተ ወደ ኋላ ተመልሰን፣ በሚገባው ቋንቋ እናሳየው።