መሰናክልን እየሮጠ ያለፈው ክሬንዝሌይን

እኛ አገር መሰናክል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የእነ እሸቱ ቱራ የ3 ሺህ ሜትር ውድድር ነው። እዚያ እንጨቱን ረግጦ ማለፍ ይፈቀዳል። የ110 ሜትሩ ግን ሌላ ጉድ ነው። ቁመታቸው ከ1 ሜትር በላይ የሆኑ 10 መሰናክሎችን በሙሉ ፍጥነት ማለፍን ይጠይቃል። ዛሬ ማንኛውም ጀማሪ የሚማረው አሯሯጥ ሲነሳ ስሙ የሚጠራው አሜሪካዊው አልቪን ክሬንዝሌይን ነው።

እ.ኤ.አ በ1876 ሚኒያፖሊስ ተወለደ። ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጥርስ ሕክምና እየተማረ ይሮጥ ነበር። ያኔ ብዙዎቹ ሯጮች መሰናክሉ ጋ ሲደርሱ እግራቸውን አጥፈው ሽቅብ ይዘላሉ። አየር ላይ ይቆዩና ሲያርፉ ፍጥነታቸው ያልቃል፤ እንደገና ከዜሮ መነሳት ነው። ክሬንዝሌይን የፊት እግሩን ቀጥ አድርጎ በመሰናክሉ ላይ እየዘረጋ፣ የኋላውን ሰብስቦ እያስከተለ ሳይቆም ያልፍ ጀመር። እንግሊዛዊው አርተር ክሩም ከእሱ ቀድሞ ሞክሮታል የሚሉ አሉ፤ ዘዴውን በድል ያስመሰከረው ግን እሱ ነው። አሁንም አሰልጣኞች ጀማሪውን መጀመሪያ ጉልበትህን አንሳ፣ ከዚያ እግርህን ዘርጋ፣ ደረትህን ወደፊት አዘንብል፣ የኋላ እግርህን በጎን አሳልፍ ይሉታል። በሁለት መሰናክሎች መካከል ሦስት እርምጃ ብቻ ነው የሚፈቅዱለት። አራተኛ ከጨመረ የሚነሳበት እግር ይቀየርና ሁሉም ነገር ይበላሻል።

ሰውየው እ.ኤ.አ በ1900 ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ በሦስት ቀናት ውስጥ አራት ጊዜ አሸነፈ፦ 60 ሜትር፣ 110 ሜትር መሰናክል፣ 200 ሜትር መሰናክልና ርዝመት ዝላይ። በአንድ ኦሊምፒክ በአትሌቲክስ አራት የግል ድል ያገኘ ሌላ ሰው እስካሁን የለም። ጄሲ ኦውንስ እንኳ አራተኛውን ያገኘው በዱላ ቅብብል ነው።

የርዝመት ዝላዩ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቅዳሜ በማጣሪያው የመራው የአገሩ ልጅ ሜየር ፕሪንስታይን ነበር። ፍጻሜው እሑድ ዋለ። የፕሪንስታይን ዩኒቨርሲቲ የሜቶዲስቶች ስለሆነ በሰንበት መወዳደር ከለከለው፤ የሚገርመው ልጁ ራሱ አይሁዳዊ ነው። ሁለቱ ላለመዝለል ተስማምተው ነበር ይባላል። ክሬንዝሌይን ግን እሑድ ወጣና ዘለለ፤ በ1 ሳንቲ ሜትርም በለጠ። የቅዳሜው ውጤት ይያዝ ስለነበር ፕሪንስታይን ቤቱ ተቀምጦ ሁለተኛ ሆነ። ተናዶ ክሬንዝሌይንን በቡጢ መታው የሚል ወሬም አለ። ሕጉ አልተጣሰም፤ ቃል ገብቶ ከነበረ ግን ድሉ ደስ አይልም። ፕሪንስታይን በማግስቱ ሱሉስ ዝላይን አሸንፎ ንዴቱን ተወጣ።

ክሬንዝሌይን በኋላ አሰልጣኝ ሆነ። ጀርመኖች ለ1916ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ቡድናቸውን እንዲያዘጋጅ እ.ኤ.አ በ1913 ቀጠሩት። በዓመቱ ጦርነቱ ፈነዳ፣ ኦሊምፒኩም ቀረ። ወደ አገሩ ተመልሶ የጦር ሠራዊቱ የአካል ብቃት አሠልጣኝ ሆነ። እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 1928 በ51 ዓመቱ አረፈ።