ስለ ሥራ ፍለጋና ራስን ስለ መምራት፤ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሕይወት

ትምህርቱን ፈጽሞ የምስክር ወረቀቱን የያዘ ወጣት፤ ከአንዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው ሲመላለስ ወራት ካለፉበት በኋላ፤ ወደ ንስሓ አባቱ መጥቶ ምን ላድርግ ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነገር ሆኗል። አንዳንዱ ስለት ይሳላል፤ አንዳንዱ ሱባዔ ይገባል፤ አንዳንዱም በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከበላይ የሚያማልድ ዘመድ እንዲፈለግለት በጓዳ ይለምናል። ስለቱና ሱባዔው የአባቶች ልማድ ነውና ማንም አይነቅፈውም። ሦስተኛው ግን አማላጅነትን ከመቅደስ አውጥቶ ወደ ጉቦ ደጃፍ የሚያወርድ በመሆኑ ካህኑ ሊቀበለው አይገባም። ዳሩ ግን ካህኑ ወጣቱን ታገሥ፤ እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ብቻ ቢያሰናብተው፤ ቃሉ እውነት ቢሆንም እንኳ፤ ወጣቱ ከደጀ ሰላም ሲወጣ የሚጨብጠው ነገር አይኖረውም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ጳጳሳችንን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ሕይወት ከዚሁ ጥያቄ አንጻር ልንመለከት ወደድን። ሐምሌ 26 ቀን መታሰቢያቸው ሲከበር ብርሃን ገላጭነታቸው ይነገራል፤ ቅኔም ይዘረፋል። ከጵጵስናው በፊት ግን ብዙ ዘመን በመንግሥት ቤት ሒሳብ ጠባቂና ጸሐፊ ሆነው መሥራታቸው እምብዛም አይወሳም። ለሥራ ፈላጊው ወጣት የሚጠቅመው ታሪክ ያለው ከዚያ ላይ ነው።

የእርሳቸው የልጅነት ስም ፍሬምናጦስ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ፤ ጢሮስ በምትባለውና ዛሬ በሊባኖስ አገር በምትገኘው የባሕር ዳር ከተማ፤ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ነበረ። ይህ ሰው ሩቅ አገር ለማየትና ዕውቀቱን ለማስፋት በመርከብ ሲነሣ፤ ዘመዶቹ የሆኑትን ፍሬምናጦስንና ታናሹን አድስዮስን ሊያስተምራቸው ይዟቸው ሄደ። ሜሮጵዮስ የተጓዘበትን አገር የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ህንድ ይሉታል፤ የጥንት ሰዎች ከቀይ ባሕር ወዲያ ያለውን አገር ሁሉ፤ የኛንም ጭምር፤ በዚህ ስም ይጠሩ ነበርና አንባቢ አይደናገር። በመመለሻቸው መርከቢቱ ውኃና ስንቅ ፍለጋ ወደ አንድ ወደብ ተጠጋች። በዚያም ወራት የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋራ የነበራቸው ውል ፈርሶ ስለ ነበረ በመርከቢቱ ላይ አደጋ ጣሉ። ሜሮጵዮስና የመርከቢቱ ሰዎች ሁሉ ተገደሉ።

ሁለቱ ልጆች ግን በዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያነቡና ሲያጠኑ ተገኙ። ገዳዮቹም አዘኑላቸውና ወስደው ለንጉሡ ሰጧቸው።

በዚህች በዛፏ ሥር ጥቂት መቆየት ያስፈልገናል። ልጆቹ በዚያች ሰዓት ማንም አላያቸውም፤ የሚፈትናቸው መምህርም አጠገባቸው አልነበረም፤ ጉዟቸውም ገና አላለቀም። ሌላ ልጅ ቢሆን መርከብ ሲቆም በባሕሩ ዳር ይጫወታል፤ ይህም ኃጢአት አይደለም። እነርሱ ግን የተሰጣቸውን ትምህርት ያሰናዱ ነበር። ራስን መምራት የምንለው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ይኸውም የሚያዝዝ ሳይኖር ለራስ ታዛዥ መሆን ነው። ሥራ አጥቶ በቤት የተቀመጠ ወጣትም ጌታ የሌለበት ጊዜ በእጁ አለና፤ ያን ጊዜ እንደ ምን እንደሚያሳልፈው ከማንኛውም ፈተና ይልቅ ማንነቱን ያሳያል። እንጨት መጥረብ የሚያውቅ እጁን እንዳያስፈታ፤ መጽሐፍ የሚያውቅ ዓይኑን እንዳያስለምደው ልንመክረው ይገባል። ፍሬምናጦስ ንብረት፤ አገርና አሳዳጊ በአንድ ቀን ሲጠፋበት ከእርሱ ጋራ የቀረው ከእምነቱ በቀር የተማረው ትምህርት ብቻ ነበር። እንጀራውንም ያገኘው በዚያው ነው።

ንጉሡ ሁለቱን ልጆች መርምሮ ለእያንዳንዳቸው እንደ ጠባያቸው ሥራ ሰጣቸው። አድስዮስን ቅንና የዋህ ሆኖ ስላገኘው የመጠጥ አሳላፊ አደረገው። ፍሬምናጦስን ግን አእምሮው የሰላና አስተዋይ መሆኑን ተመልክቶ የሒሳቡና የደብዳቤው ኃላፊ አደረገው፤ በኋላ ዘመን አጠራር በጅሮንድና ጸሐፌ ትእዛዝ እንደምንለው ነው። የአሳላፊነትን ሥራ ትንሽ አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር የጥንት ነገሥታት ሞት ብዙ ጊዜ በጽዋ ይመጣ እንደ ነበረ ያስብ። ንጉሡ ለአንዱ ነፍሱን፤ ለሌላው ገንዘቡን አደራ ሰጠ።

አሁን እዚህ ላይ ልብ የሚነካ ነገር አለ። ፍሬምናጦስ ይህን ሥራ አልመረጠም። ጌታው የሆነውም የአሳዳጊው ደም በፈሰሰበት አገር የነገሠ ሰው ነው። ሒሳቡን ቢያጣምም፤ ደብዳቤውን ቢያዛባ፤ ለበቀል የሚመች ቦታ ከዚህ የበለጠ አይገኝም ነበር። አክሱም በዚያ ዘመን በአዱሊስ ወደብ በኩል የዝሆን ጥርስ የምትልክ፤ በወርቅ፤ በብርና በመዳብ የራሷን ገንዘብ የምትቀርጽ ታላቅ መንግሥት ነበረችና፤ የሒሳብ ጠባቂ እጅ ጥቂት ቢያጋድል የሚያልፍበት ቀዳዳ ብዙ ነው። ፍሬምናጦስ ግን ንጉሡን በታማኝነት አገለገለ። የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍም በጲጥፋራ ቤት፤ ኋላም በእስር ቤት ይህንኑ አድርጓል። ሁለቱም ለሥራቸው ታማኝ የሆኑት ጌቶቻቸው የሚገባቸው ሆነው ሳይሆን፤ ሥራው በእግዚአብሔር ፊት የሚሠራ መሆኑን ስላወቁ ነው። ይህን መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ወጣት የመጀመሪያ ሥራውን ሲያገኝ ደመወዙ ትንሽ፤ አለቃው አስቸጋሪ ነው ብሎ ልቡን ሳያስገባበት ይሠራል፤ የምሠራው የሚገባኝን ሳገኝ ነው ይላል። የሚገባውን የሚያገኝበት ቀን ሲመጣም ልቡን ማስገባት የለመደ አይደለምና ያው ይሆናል። ለበዳይ አለቃ ማጎንበስ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ በደልን አይቶ ዝም እንዲል ማንንም አንመክርም።

ንጉሡ ሊሞት ሲቃረብ ለሁለቱም ነጻነት ሰጣቸው፤ ወደ ወደዱበት መሄድ ይችሉ ነበር። መንግሥቱ ግን በንግሥቲቱና ገና ሕፃን በነበረው ልጇ እጅ ቀረ። ንግሥቲቱም ልጁ እስኪያድግ ድረስ በመንግሥቱ አስተዳደር እንዲረዷት፤ ይልቁንም ፍሬምናጦስን፤ ለመነቻቸው። እነርሱም ቀሩ። ባሪያ ሳሉ በግድ የሠሩትን አሁን በፈቃዳቸው ሠሩት።

በአገራችን በሹመቱ ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ያረጀ ተረት አለ። ብዙ ቤት ያፈረሰ ተረት ነው። ለፍሬምናጦስ ግን ከዚህ የበለጠ መብያ አልነበረም፤ ንጉሥ የለም፤ ወራሹ ሕፃን ነው፤ ንግሥቲቱ በእርሱ ላይ ተደግፋለች፤ መዝገቡም በእጁ ነው። እርሱ በዚህ ሥልጣን ተጠቅሞ ያደረገው ምን እንደ ሆነ ታሪክ ይነግረናል። ከሮማውያን ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያኖች የሆኑትን ፈልጎ አገኘ፤ በየቦታው የሚሰበሰቡበትና እንደ ሥርዓታቸው የሚጸልዩበት ስፍራ እንዲያበጁ አደፋፈራቸው፤ ራሱም ቦታ እየሰጠ፤ የሚያስፈልጋቸውንም እያሟላ ረዳቸው። ማንንም በሥልጣኑ አስገድዶ አላጠመቀም፤ እርሱ ራሱ ገና ክህነት የሌለው ምእመን ነበርና። የመንግሥት ሥራ ለቤተ ክርስቲያን ጊዜ አያስተርፍም የሚሉ ወገኖች ሲገጥሙን፤ መንግሥት በትከሻው ላይ የነበረውን የዚህን ምእመን ታሪክ ብናስታውሳቸው መልካም ነው።

ልዑሉ አድጎ መንግሥቱን ለመረከብ በደረሰ ጊዜ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች በእጃቸው የነበረውን ሁሉ በታማኝነት አስረከቡ። ንግሥቲቱና ልጇ እንዲቀሩ ቢለምኗቸውም አልቀሩም። ሥራ መያዝን የሚያስተምር ብዙ ነው፤ ሥራ ማስረከብን የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው። መዝገቡን ዘግቶ፤ ቁልፉን አስረክቦ፤ እኔ ከሌለሁ አይሆንም ሳይል መውጣት የሚችል ሰው፤ ወንበሩ ለእርሱ እንዳልተፈጠረ የተረዳ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። አድስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ገሠገሠ። ፍሬምናጦስ ግን የጌታን ሥራ መሰወር አይገባም ብሎ ወደ እስክንድርያ ሄደ። በእስክንድርያ መንበር ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ328 ዓ.ም. የተሾመው ታላቁ አትናቴዎስ ተቀምጦ ነበር። ፍሬምናጦስም በአክሱም አገር የተሰበሰቡትን ክርስቲያኖችና የተሠሩትን የጸሎት ቤቶች ነግሮ፤ ለእነርሱ የሚሆን ብቁ ሰው ተፈልጎ ጳጳስ ሆኖ እንዲላክ ለመነ።

ሥራ ፈላጊ ሁሉ ይህን ጕዳይ አጥብቆ ቢያስተውለው እንወዳለን። ማመልከቻ ማቅረብ ነውር አይደለም፤ የሚጾምና የሚጸልይ ሰውም ማመልከቻውን በንጹሕ ወረቀት ጽፎ፤ የሚያውቀውን እንደሚያውቅ፤ የማያውቀውን እንደማያውቅ በእውነት ገልጾ፤ በጊዜው ማቅረብ አለበት። እንጀራን መፈለግና ሹመትን መመኘት ግን አንድ አይደሉም። ፍሬምናጦስ እስክንድርያ ሲደርስ የራሱን ብልኃት አልዘረዘረም፤ ስንት ዓመት መንግሥት እንዳስተዳደረም ለመመስከር አልሄደም። የተናገረው ስለ ሥራው ነው፤ የጠየቀውም ለሥራው የሚሆን ሰው ነው። አትናቴዎስ ግን ነገሩን በጥንቃቄ ሰምቶ፤ ካህናቱን ሰብስቦ ከመከረ በኋላ፤ ለዚያ አገር ከራሱ ከተናጋሪው የተሻለ እንደማይገኝ አይቶ ጵጵስና ሾሞ ወደ መጣበት መለሰው። አገሩን ያውቃል፤ ሕዝቡን ያውቃል፤ ቤተ መንግሥቱ ያምነዋል። በዚያች የሹመት ቀን የተመዘነው በሒሳብ መዝገብ ላይ ጐንበስ ብሎ ያሳለፈው ዘመን ሁሉ ነው።

ከዚህ ወዲያ አባታችን ብለን ልናከብራቸው ይገባናል። አባ ሰላማ ወደ አክሱም ተመልሰው አስተማሩ፤ አጠመቁ፤ ካህናትን ሾሙ። በትውፊታችን አብርሃና አጽብሃ ተብለው የሚጠሩት ነገሥታት አመኑ። በንጉሥ ኢዛና ገንዘብ ላይ ቀድሞ የነበረው የጨረቃ ምልክት ጠፍቶ በቦታው መስቀል መቀረጹ፤ በድንጋይ ላይ ያስጻፋቸው ጽሑፎችም ከጣዖት ስም ወደ ሰማይ አምላክ ስም መመለሳቸው፤ ዛሬም በዓይን የሚታይ ምስክር ነው። የግዕዝ ፊደል በድምፅ ምልክት መጻፍ የጀመረው በዚሁ ዘመን ነው፤ ሊቃውንቶቻችን ይህን ለአባ ሰላማ ይሰጣሉ።

ፈተናም አልቀረላቸውም። የአርዮስን ወገን ይደግፍ የነበረው የሮም ቄሣር ቈስጠንጢዮስ አትናቴዎስን ከመንበሩ ካሳደደ በኋላ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ356 ዓ.ም. ገደማ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ፍሬምናጦስ ወደ ግብፅ ተመልሰው፤ በአትናቴዎስ ቦታ በተተካው በጊዮርጊስ ዘንድ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ሹመታቸው እንዲመረመሩ የሚጠይቅ ነበር። የሹመታቸው ሕጋዊነት በዓለም ላይ ከሁሉ በሚበልጥ ንጉሥ ተጠየቀ ማለት ነው። ሹመቱን ለራሱ ክብር የፈለገ ሰው በዚህ ጊዜ ወደ ኃይለኛው ወገን ዞር ማለት ይቀለዋል፤ ጥቂት ቃል ቢለውጥ ወንበሩ ይጸናለታልና። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ዛሬ ድረስ የምትቆመው በአትናቴዎስ ሃይማኖት ነው፤ ይህንም ሃይማኖት የተቀበለችው ከአባ ሰላማ እጅ ነው። ይህን ደብዳቤ አትናቴዎስ ራሱ ለቈስጠንጢዮስ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ስላገባው እስከ ዘመናችን ደርሷል።

በእስክንድርያ በዚያ ቀን የተጀመረው ሥርዓት 1600 ዓመት ያህል ቆየ። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ እስኪሆኑ ድረስ የአገራችን ጳጳስ ከዚያው መንበር ይላክ ነበር።

ወደ ጢሮስ የተመለሰውስ አድስዮስ? አንዳንድ ሰው የእርሱን ዕድል ከወንድሙ ዕድል ጋራ እያነጻጸረ ያዝንለት ይሆናል። ከአንድ ዛፍ ሥር ተነሥተው፤ ከአንድ ቤተ መንግሥት ወጥተው፤ አንዱ የአንድ አገር አባት ሆነ፤ ሌላው ወላጆቹን ሊጎበኝ ሄደ። ነገር ግን አድስዮስም በተወለደበት አገር ካህን ሆኖ አገለገለ። ሩፊኖስ የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ይህን ሁሉ ከራሱ ከአድስዮስ አፍ ሰምቶ በመጽሐፉ ጻፈው። አሳላፊ የነበረው ወንድም የታላቁን ወንድሙን ሥራ በታማኝነት ባይናገር ኖሮ፤ ስለዚያች ዛፍና ስለዚያ የሒሳብ ሥራ የምናውቀው ባልኖረ ነበር።